የባሻ ይመኑ ወጭት

ሁለት ቃል ብቻ ያላት አባባል ናት። እንግዳ በመጣ ቁጥር እንላታለን፤ መጀመሪያ የተባለችው ግን ለአንዲት ምራት እንደሆነ የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ምራቲቱ ደብሪቱ ትባላለች። ያደገችው በአንድ ባላባት ጓዳ ነውና ንጽሕናን የተማረችው በኩርኩም ነው። እዚያ ቤት በአመድና በግራዋ ያልታሸ ወጭት ወጥ አይገባበትም፤ ገበታ የምታቀርብ ሴትም ትንፋሿ ምግቡን እንዳይነካው አፍና አፍንጫዋን በነጠላ ትሸፍናለች። ጌታው የሚበሉት ለብቻቸው ነው፤ ክብር ማለት ይኸው ነበር።

ታከለን አግብታ ወደ ደጋ ስትመጣ የጠበቋት፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው አማቷ ባሻ ይመኑ ናቸው። ባሏ በሠርጉ ማግስት ማለት ይቻላል ለጨው ንግድ ሲወጣ፣ "አባቴን አደራ" አላት። አደራ ደግሞ ለደብሪቱ ቀልድ አይደለም። ለሽማግሌው አዲስ ወጭት ገዛች፤ ዋንጫቸውን ለየች። ፍትፍቱን በለጋ ቅቤ አርሳ፣ አፏን ሸፍና ታቀርብና ጀርባዋን ሳትሰጥ እያፈገፈገች ትወጣለች።

ባሻ ግን አይበሉም። አንድ ቀን ሁለት ጉርሻ፣ በማግስቱ አንድ፣ ከዚያ ወዲያ "ጠግቤያለሁ ልጄ" ብቻ። ጉድለቱ የንጽሕና መስሏት ሁለቴ የምታጥበውን ወጭት አራቴ አጠበችው፤ ነጠላዋንም እስከ ዓይኗ ሳበችው። ሽማግሌው እንደ ጧፍ ቀለጡ፤ ለደከመ ሰው ጾም የለም ብላ በጾም ቀንም ቅቤውን አልተወችም። "ባሌ ሲመለስ ምን እለዋለሁ? ገደልኳቸው እኮ!" እያለች ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች።

አንድ ረቡዕ ጎረቤታቸው እማሆይ ጥሩዬ ሊጠይቁ መጡ። ለእማሆይ ንጹሕ ምግብ ማለት ጾም ያልሻረ ምግብ ነው፤ ሌላው አያስጨንቃቸውም። ከአሮጌ ከረጢታቸው ቆሎ ከነአቧራው ዘግነው ለባሻ ሰጧቸው። ባሻም ቆረጠሙ! ከጓዳ በር ቆማ የምታየው ደብሪቱ ደስ ይበላት ይክፋት ግራ ገባት።

"እማሆይ" አሉ ባሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እርስዎ እንኳ እውነቱን ይንገሩኝ። በሽታዬ ክፉ ነው?"

"የምን በሽታ አመጡ ደግሞ?"

"ታዲያ ወጭት ለምን ተለየብኝ? ሰው የሚሸሸው በሽታ የያዘው እንጂ ማን በቤቱ ለብቻው ይበላል? ልጅቷም አፍንጫዋን ሸፍና ነው የምትቀርበኝ። አልፈርድባትም፣ ልጅ ናት። ቶሎ ላሳርፋት ብዬ ነው መብላቱን የተውኩት።"

ደብሪቱ ነጠላዋን ከፊቷ ገፍፋ ጣለችና ሮጣ እግራቸው ላይ ወደቀች።

"እኔን አፈር ይብላኝ አባባ! ትንፋሼ እንዳያስጸይፍዎት ብዬ እኮ ነው! በአደግሁበት ቤት የሚከበር ሰው የሚበላው እንዲህ ነው!"

ባሻ አገጯን ይዘው ቀና አደረጓት፤ አይተው አልጠግብ አሉ።

"ፍንጭት ነሽ ለካ" አሏት። "ሁለት ወር ሙሉ አንድ ጣራ ሥር ኖረን ጥርስሽን ዛሬ አየሁት።"

እያለቀሰች ሳቀች። የጠዋቱ ፍትፍት እዚያው እንደተቀመጠ ነው፣ ቅቤው ረግቷል። ላሙቀው ብላ ብትነሳ እጇን ይዘው አስቀመጧት። እንባዋን በጠረገችበት እጅ፣ ሳትታጠብ፣ አጎረሰቻቸው፤ እሳቸውም መልሰው አጎረሷት። የባላባቱ እልፍኝ አስከልካይ ቢያይ ኖሮ ኩርኩሙ አይቀርላትም ነበር። ወጭቱ ባዶ ሲሆን ባሻ ዙሪያውን በጣታቸው ጠረጉና "ሌላ የለም?" አሉ።

እማሆይ ረቡዕ መሆኑንም ቅቤውንም እንዳላዩ ሆነው ከረጢታቸውን ቋጠሩ። "አየሽ ልጄ፣ ያ ሁሉ ለጋ ቅቤ ያልሠራውን ጥርስሽ ሠራው" አሏት ዓይናቸውን እየጠራረጉ፤ "ለካ እሳቸውን የራባቸው ሌላ ኖሯል፤ ከፍትፍቱ ፊቱ!"