አቤት ባይ ያጣው ግጥም

እስቲ ስለ አንድ ምላሰኛ አዝማሪ ላውጋችሁ። ግራዝማች እንዳላማው በልጃቸው ሰርግ ሞቅ ሲላቸው «ተቀበል!» እያሉ ግጥም ይሰጡት ጀመር። ጀግናው እኔ ነኝ፣ ለጋሱ እኔ ነኝ፣ መልከ መልካሙ እኔ ነኝ፤ ስንኙ ሁሉ የሚያልቀው በ«እኔ ነኝ» ነው። አዝማሪው ሲቀበል ሲቀበል ሰለቸውና ማሲንቆውን አቆመ።

«ምነው? ግጥሜ ምን ጎደለው? በል ተናገር፤ አለዚያ ማሲንቆህን ትተህ ትሄዳታለህ!»

አዝማሪው ደንግጦ ማሲንቆውን እቅፍ አደረገ። የልጆቹ ጉሮሮ ያለው እሱ ላይ ነው።

«ጌታዬ፣ ግጥም ላይ አንዱ ስንኝ ሲጣራ ሌላው አቤት ይላል። የእርስዎ ስንኞች ግን ሁሉም ጌቶች ሆኑና አቤት ባይ ታጣ።»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ግራዝማች ብድግ ብለው «አንተ!» ሲሉ ጮኹ።

«አቤት ጌታዬ!» አለ አዝማሪው እጅ እየነሳ። «ይኸውልዎ፣ አሁን ገና ግጥም ሆነልን!»

ግራዝማች ሊቆጡ አስበው ሳቃቸው አመለጣቸው።