አህያን የተሸከመችው

ልጄ ርብቃ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ፣ «እማዬ፣ ቻይናዎች ታላቅ በጎነት ያለውን ሰው ሁሉን በምትሸከመው መሬት ይመስሉታል አሉ። ለምን በተራራ አይመስሉትም?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ የቻይናን ነገር አላውቅም፤ ተረት ግን አላጣም።

«ተረት ይዤ መጣሁ!»

«ይዘሽ ግቢ!»

ድሮ ድሮ አህያና ግመል እህል ጭነው ዳገት ሲወጡ፣ አህያ አዳለጠውና ከነጭነቱ ወደቀ። ጅብ የሚወጣበት ሰዓት ደርሷል።

«ጋሼ ግመል፣ እባክዎ ትንሽ ይደግፉኝ!»

«አንተ ደግሞ! የራሴ ሻኛ አልበቃኝም?» አለና ኩሩው ግመል አልፎት ሄደ።

አህያም፣ «የሰው ሁሉ እህል ተሸካሚ ነኝ፤ እኔን የሚሸከም ግን አንድ እንኳ ይጥፋ?» ብሎ አለቀሰ።

«ታዲያ አሁን የተኛኸው ማን ላይ ነው፣ ልጄ?» አለችው መሬት።

አህያ አፈረ። «ይቅር በይኝ እናቴ፤ ስረግጥሽ ነው የኖርኩት።»

«አሁንም ርገጠኝ። ጠበቅ አድርገህ ርገጠኝና ተነስ።»

ረገጣት፤ አልሸሸችውም። ተነስቶ ጅብ ሳይደርስበት ቤቱ ገባ። ጭነቱ ሲራገፍለት ገብሱን እንኳ ሳይቀምስ ሊያመሰግናት መሬት ላይ ተንከባለለ። አህያ እስከ ዛሬ ጭነቱ ሲወርድለት የሚንከባለለው ለዚህ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ድንች የቀቀልኩበትን ትኩስ ውሃ ልደፋ ወደ ጓሮ ወጣሁ። እንደ ልማዴ «በስመ አብ» ብዬ ላዘነብል ስል ተውኩት። ድስቱን ደረጃው ላይ አስቀምጬ፣ ውሃው እስኪበርድ መሬትን እያመሰገንኩ ጠበቅኩ።