እምቢ ማለት ያቃታት ስልቻ

ተረት ይዤላችሁ መጣሁ፤ ጆሯችሁን አቅርቡልኝ! አቀረባችሁ? እንግዲህ ስሙ።

በድሮ ዘመን፣ አራዊት በብራና ይዋዋሉ በነበረበት ጊዜ፣ አንዲት ስልቻ ነበረች። ቆዳዋ ጠንካራ፣ ልቧ ደግ፤ ግን ምን ያደርጋል፣ ይሉኝታ የሚገድላት! እምቢ ማለት አታውቅም።

የአራዊት ውል ሁሉ የሚቀመጠው በእሜቴ ጃርት ዋሻ ነበር። አህያ ውሃ የሚጠጣበት ምንጭ የራሱ መሆኑም የተጻፈው እዚያ ነው። ታዲያ ክረምት ሊገባ ሲል፣ በመጀመሪያው ካፊያ የዋሻው ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ።

«ዛሬ ዝናቡ ሳይመጣ ብራናዎቹ ከወንዙ ማዶ ደረቁ ዋሻ መግባት አለባቸው» አሉ እሜቴ ጃርት።

«የምንጬ ውል ከጠፋ ምን ልጠጣ ነው?» አለ አህያ ደንግጦ።

አያ ጅቦ ይህን ሲሰማ ምራቁን ዋጠ። ምንጩን ድሮም ይመኘዋል። «ለደቦ መጣሁ!» ብሎ ከች አለ። ለደቦ የመጣ ደግሞ አይመለስም።

ብራናዎቹን ትልቅ ትንሽ ሳይል ስልቻዋ ውስጥ ይጠቀጥቅ ጀመር። እስከ አንገቷ ሞላች።

«በሞቴ፣ ይህችን ብቻ!» አላት።

«ኧረ ሞልቻለሁ፣ አያ ጅቦ።»

«በሞቴ እያልኩሽ?»

አፈረች፤ ዋጠች። አህያ ተሸክሟት አሥር እርምጃ ሳይሄድ ጎኗ ጧ! ብራናው ሜዳ ላይ ተበተነ። እሜቴ ጃርት ከጀርባቸው እሾህ ነቅለው ሰፏት።

እንደገና ሞሏት። «በሞቴ፣ ካከበርሽኝ!» አላት ጅቦ። ዋጠች። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ጧ! አንዱ ብራና ተንከባሎ ውሃ ሊገባ ሲል አህያ በጥርሱ ያዘው። የምንጩ ውል ነበር። አህያ አለቀሰ። ስልቻዋም እሱን አይታ አለቀሰች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «እሜቴ፣ አንድ ሕግ ይስጡኝ። እኔ ሳፍር ሕጉ ይመልስልኝ።»

እሜቴ ጃርት ስልቻዋን እንደገና ሰፍተው፣ ሁለት ስልቻ እህቶቿንም አስመጥተው ሦስቱን በተርታ አቆሙ። «ብራናው ከትልቁ ወደ ትንሹ ይሰለፍ። ትልልቁ ይቅደም፤ ትንንሹ ክፍተቱን ይሙላ። አንድ በገባ ቁጥር አፋችሁን ለማሰር ሞክሩ። ከታሰረ ቀጥሉ፤ ካልታሰረ የመጨረሻውን ለእህታችሁ አሳልፉ። በቃ፣ ደግማችሁ እንዳትጠይቁኝ።»

ሥራው በራሱ ጊዜ ይሄድ ጀመር። አንዱ ገባ፤ ታሰረ። ሌላው ገባ፤ ታሰረ። ሰማዩ ሲያጉረመርም ጅቦ አንድ ወፍራም ብራና ታቅፎ ጠጋ አለ።

«በሞቴ!»

ስልቻዋ አሁንም አፈረች። ቢሆንም ተቀብላ አፏን ለማሰር ሞከረች። እምቢ አለ።

«ዕድሜዎን ያርዝመው፣ አያ ጅቦ፤ አፌ አልታሰረም። ለእህቴ ይስጡልኝ።»

«በሞተው አባቴ!»

«ነፍሳቸውን ይማር፤ አፌ አልታሰረም።»

«በጅብ ዘር ሁሉ!»

«ዘርዎ ይብዛ፤ አፌ አልታሰረም።»

ይህኛውን ምርቃት አህያ እንኳ አልወደደውም። ግን ሳቀ። ጅቦም ብራናውን እያጉተመተመ ለእህቷ ሰጠ።

አህያ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። የመጨረሻዋ ስልቻ ደረቁ ዋሻ ስትገባ ዝናቡ ወረደ። አንድ ፊደል አልረጠበም፤ ምንጩም የአህያ እንደሆነ ቀረ።

እናንተም የሰው አደራ ይዛችሁ ሳለ በሞቴ የሚል ቢመጣባችሁ፣ መርቁትና እለፉ። አቅምን አውቆ በቃኝ ማለት ክፋት አይደለም።