ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ግንበኛ

«አንድ ግንበኛ ነበረ» አሉ የኔታ ክንፈ።

ከፊታቸው የተቀመጠው ስመኘው በወረዳው የግዥ ኃላፊ ሆኖ ከተሾመ ገና ብዙ አልቆየም። ጤና ጣቢያ ለማሠራት በወጣው ጨረታ አንድ የተከበረ ሰው ከሁሉ ያነሰ ዋጋ አቅርቧል። ዋጋው ከመሥሪያ ቤቱ ግምት እጅግ ስለራቀ፣ ሥራው ከመሰጠቱ በፊት ሰውየው ተጠርቶ እንዲያስረዳ ደንቡ ያዛል። «የኔታ፣ እንዲህ ያለውን ደግ ሰው እንደ ሌባ አቁሜ ልጠይቀው?» ብሎ ነበር የጠየቃቸው።

እሳቸውም ቀጠሉ።

ይህ ግንበኛ የድሃ ቤት ባዘመመ ጊዜ ሳይጠሩት ሄዶ የሚያቃና ሰው ነበር። በከተማው ዳር የሚያልፈው ወንዝ ክረምት ሲሞላ ገበያተኛ ይወስዳል። አንድ ሐምሌ የእሱን ሚስት ወሰደ። ልጆቹን ይዞ ቀረ።

በዓመቱ ወረዳው ድልድይ ሊያሠራ ጨረታ አወጣ። የግዥ ኃላፊዋ ከሌላ አገር ተዛውራ የመጣች ሴት ነበረች። ጨረታው ከመውጣቱ በፊት ባለሙያዎች ወንዙ ድረስ ወርደው፣ አፈሩን ቆፍረው፣ የድንጋዩንና የሲሚንቶውን የገበያ ዋጋ ጠይቀው ግምቱን ሠርተዋል። ፖስታዎቹ ሕዝብ ባለበት ሲከፈቱ የግንበኛው ዋጋ ከግምቱ እኩሌታ ብዙም አያልፍም። ቤቱን በዋስትና አስይዟል። ሰዉ ደስ አለው። ኃላፊዋ ግን የጨረታ ኮሚቴው ፊት አስጠራችው።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ። መሠረቱን እስከ ምን ድረስ ሊቆፍሩ አስበው ነው?» አለችው።

«አሸዋው እስኪጠጥር ድረስ።»

«ዓለቱ ያለው ከአሸዋው ብዙ ዝቅ ብሎ ነው። ግምታችን እስከዚያ ያለውን ቁፋሮ ይዟል። የእርስዎ ዋጋ ግን አልያዘውም።»

«ትርፍ አልፈልግም ልጄ። ከጎደለ ከኪሴ እጨምራለሁ።»

«ኪስዎ መንገድ ላይ ቢያልቅስ?»

ግንበኛው ዋጋውን የጻፈው በሐዘኑ እንጂ በስሌት አልነበረም።

ሥራው ዋጋው ከግምቱ ጋር ለተቀራረበ ሌላ ተጫራች ተሰጠ። ከተማው አዘነባት። «ባዕድ ስለሆነች ነው ሐዘንተኛውን የገፋችው» ተባለ። ሰላምታ የነሷትም ነበሩ። እሷም ከፋት፤ ውሳኔዋን ግን አላጠፈችም።

ግንበኛው ከዚያ ወዲያ ወንዙ ዳር እየተቀመጠ ሌሎቹ ሲሠሩ ያይ ጀመር። ስህተታቸውን ሊፈልግ ነበር የሄደው። ቆፋሪዎቹ አሸዋውን አልፈው ወረዱ። ጉድጓዱ ውሃ ሞላ፤ በሞተር ሳቡት። ግድግዳው ተናደ፤ ደግፈው እንደገና ቆፈሩ። በመጨረሻ ዶማው ዓለት መትቶ ሲጮህ ግንበኛው ተነሥቶ ቆመ። የእሱ ገንዘብ የት ላይ ያልቅ እንደነበር በዓይኑ አየ።

በክረምቱ ወንዙ እንደ ልማዱ ሞልቶ መጣ። ድልድዩ አልተነቃነቀም። ገበያተኛው እህሉን ተሸክሞ፣ ነፍሰ ጡሯም በባሏ ክንድ ተደግፋ ተሻገሩ።

ያን ጊዜ ግንበኛው አንድ ገንቦ ማር ይዞ ወደ ኃላፊዋ ቢሮ ገባ።

«ላመሰግንሽ ነው የመጣሁ» አላት። «ሥራውን ሰጥተሽኝ ቢሆን ቤቴ ተሽጦ ልጆቼ ሜዳ ላይ ይቀሩ ነበር። እሱስ ይሁን። የባሰውን ልንገርሽ። ገንዘቤ ሲያልቅ ቁፋሮውን አሸዋው ላይ አቆም ነበር። ይበቃል ብዬ ራሴን አሳምን ነበር። ሚስቴን ወንዝ ወሰደብኝ፤ የሌላውን ሚስት ደግሞ እኔ የሠራሁት ድልድይ ይወስድ ነበር። ከዚህ ነው ያዳንሽኝ።»

ኃላፊዋ ዕንባዋን መቆጣጠር አቃታት። «ምስጋናዎን ተቀብያለሁ ጋሼ» አለችው። «ማሩን ግን ለልጆቹ ይመልሱላቸው። እሱንም ደንቡ አይፈቅድልኝም።»

ግንበኛው ሳቀ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሲስቅ ያየው አልነበረም።

የኔታ ክንፈ ወደ ስመኘው ዞሩ።

«ያንተም ሰው እንዲሁ ሊሆን ይችላል ልጄ። ደንቡ የመንግሥትን ገንዘብ ብቻ የሚጠብቅ መስሎሃል። ሌባውን ከሕዝብ ገንዘብ ይከለክላል፤ ደጉን ሰው ደግሞ ከገዛ ደግነቱ ያድነዋል። ስለዚህ ጥራው፤ ወንበር ሰጥተህ፣ አክብረህ ጠይቀው። በቂ መልስ ካለው ሥራውን በሙሉ ልብህ ስጠው። ከሌለው ግን አትስጠው። ያኔ ይቀየምህ ይሆናል፤ ቅያሜውን ቻለው። ምስጋና አንዳንዴ የሚመጣው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው።»