የዋርካ ሜዳ ሁለት ወንበሮች

በእኛ አካባቢ ነገሩን አድምጦ ሳይጨርስ የሚፈርድ ሰው ሲያጋጥም የምንወረውርበት አንዲት አጭር አባባል አለች። ገበያ ትሰማለች፣ ዕድር ላይ ትሰማለች፤ እንዲያውም አንድ ጊዜ ዳኛው ራሳቸው ችሎት ላይ ሲሏት ሰምቻለሁ። ብዙ ሰው ከጥንት የመጣች ይመስለዋል። አይደለችም። የተነገረችበትን ቀን አውቀዋለሁ፤ እዚያው ቆሜ ነበር።

ቦታው ይፋት ቆላ፣ ዋርካ ሜዳ ትምህርት ቤት ነው። እኔ የሳይንስ መምህርት ነበርኩ፤ መምህር ይርዳው ሥነ ዜጋ ያስተምር ነበር። ባለቤቴ ነው፤ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። እዚህ የምጽፈው ስለ ሥራው ስለሆነ መምህር ይርዳው እያልኩ እቀጥላለሁ።

መምህር ይርዳው ሐሙስ ሐሙስ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ መጽሐፍ አያስገልጥም ነበር። ከሰሌዳው ፊት ሁለት ወንበሮች ፊት ለፊት ያስቀምጣል። በሳምንቱ ውስጥ የተጣሉ ልጆች ይጠራሉ፤ ግን ማንም በራሱ ወንበር አይቀመጥም። ከሳሽ በተከሳሹ ወንበር፣ ተከሳሽም በከሳሹ ወንበር ይቀመጣሉ። እዚያ የተቀመጠ ልጅ ባላንጣውን ሆኖ ይናገራል። ምን እንዳደረገ፣ ለምን እንዳደረገ፣ ሲያደርገው በሆዱ ምን እንደተሰማው ይናገርለታል። የነገሩ ባለቤት ዝም ብሎ ይሰማል። ተራው ሲደርስ ግን እያንዳንዱን ነገር እያነሳ «ይህ የእኔ ነው» ወይም «ይህ የእኔ አይደለም» ይላል። ከዚህ ሌላ የነበረው ደንብ አንድ ብቻ ነው፤ ወንበር ላይ የተባለውን ከባለቤቱ በቀር ማንም ከክፍል ይዞት አይወጣም።

ሐሳቡ የመጣለት ከአያቱ ነው። አያቱ በበላ ልበልሃ ዘመን ስማቸው የተጠራ ተሟጋች ነበሩ። «አያቴ ተሟግተው ተረተው አያውቁም» ይል ነበር። «ጎረቤት ግን አልነበራቸውም።» ሙግቱን ገልብጦ ለልጆች የሰጣቸው ለዚህ ነው።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ሙሄ መጀመሪያ ላይ ይስቁበት ነበር።

«መምህር፣ ልጆቹ የራሳቸውን ሙግት አልቻሉ፣ አንተ የሰው ታሸክማቸዋለህ?»

«እርስዎስ ከባለቤትዎ ጋር ሲጣሉ ለምን አይሞክሩትም?»

«እኔ እሷን ሆኜ ልናገር? ያለችውን ሁሉ አምኜ ቁጭ ልል ነዋ።»

ሳቃቸው ግን ብዙ አልቆየም። ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲጀመር በሜዳው ላይ የተያያዙ ልጆችን ለመገላገል ዱላ ይዘው መሮጣቸው ቀርቶ ነበር። ልጆቹ ራሳቸው ከመማታታቸው በፊት «ሐሙስ እንገናኝ» ይባባላሉ።

ግንቦት ላይ የትምህርት ቤቱ አንድ ለእናቱ የሆነው ማይክሮስኮፕ ተሰበረ። ጠዋት ቁም ሣጥኑን ሳስከፍት በቦታው ቆሟል፤ አንገቱ ግን ተጣሟል፣ መስታወቱም ተሰንጥቋል። ቁልፉ የሚቀመጠው ዘሀራ ሰኢድ ጋ ነበር። ዘሀራ ከስምንተኛ ክፍል የማምናት ተማሪዬ ነች። በዋዜማው ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ደምሰው ቤተ ሙከራው አጠገብ ሲንጎራደድ አይታው ነበር፤ እሱን ከሰሰች። ደምሰው የክፍሉ ግዙፍ ልጅ ነው፤ አምና በጠብ የአንድ ልጅ ጥርስ አውልቋል። «ቁልፉ ማን ጋ ነው?» ብሎ መልሶ ከሰሳት። ሐሙስ ሁለቱም ወንበር ላይ ተጠሩ። እኔም ዕቃው በእኔ ኃላፊነት ሥር ስለነበረ ከኋላ ተቀመጥኩ።

በዚያው ሰዓት ከወረዳው የመጡት ሱፐርቫይዘር አቶ በድሉ በሞተር ሳይክል ግቢ ገቡ። መምጣታቸውን ማንም አያውቅም ነበር። ሄልሜታቸውን በብብታቸው ይዘው በሩ ላይ ሲደርሱ ዘሀራ በደምሰው ወንበር ተቀምጣ ነገሩን እየተናገረች ነበር። እርሳቸው የደረሱት እዚህ ላይ ነው፦

«ማንም አልነበረም። ቁም ሣጥኑ ተከፍቶ አገኘሁትና አወጣሁት። ልሰርቀው አይደለም፤ ባለፈው በሽንኩርት ልጣጭ ላይ ያየሁትን ደግሜ ላየው ፈልጌ ነው። ወደ መስኮቱ ስወስደው ከእጄ ወደቀ። አባቴ ይሰማል ብዬ ፈራሁ። መልሼ አስቀመጥኩትና ዝም አልኩ።»

«በቃ» አሉ አቶ በድሉ ከበሩ። «ስምሽ ማነው?»

ዘሀራ ብድግ አለች። «ዘሀራ ሰኢድ።»

«ቁልፉስ ማን ጋ ነው የሚቀመጠው?»

«እኔ ጋ።»

ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። መምህር ይርዳው ጠጋ አላቸው።

«አቶ በድሉ፣ ይግቡና ይቀመጡ። ሙግቱ ገና እኩሌታው ላይ ነው።»

«መቀመጫ ጊዜ የለኝም፤ ሦስት ትምህርት ቤት ይቀረኛል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«የተናገረችው በሌላ ልጅ ቦታ ሆና ነው።»

«እንግዲያው የሰበረው ያ ሌላው ልጅ ነዋ?»

«እሱን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። ተራው አልደረሰም።»

አቶ በድሉ ፈገግ አሉ። «መምህር ይርዳው፣ ድራማ ካማረህ ክበብ አቋቁም። የመንግሥት ንብረት ተሰብሯል፣ ልጅቱ በአፏ አምናለች፣ አንተ ሽፋን ትፈልግላታለህ።»

ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ አመሩ። ሊያስጽፉ የሄዱት ደብዳቤ ዘሀራን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከትምህርት የሚያሰናብት ነበር። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሁለቱ የዘሀራ ታላላቅ እህቶች ስምንተኛን ሳይጨርሱ ተድረዋል። ለእሷ ብቻ አባቷ በሽማግሌ ፊት «ፈተናውን ካለፈች ትማር፤ ካላለፈች ግን እንዳትጠይቁኝ» ብለው ነበር። ይህን መላው ዋርካ ሜዳ ያውቃል።

በረንዳው ላይ ቆምን። ክፍሉ በሙሉ ከኋላችን ወጥቷል። ዘሀራን ወደ ጎን ሳብኳት።

«ለምን አትነግሪያቸውም? ደምሰው ነው በያቸው።»

«አላየሁማ ቲቸር። ገምቼ ነው የተናገርኩት።» ቀጥላ ደግሞ፣ «ባየውስ፣ ከወንበር ላይ ይዤው ልወጣ ነው?» አለችኝ።

አላለቀሰችም። ያን ጊዜ አንጀቴን የበላው አለማልቀሷ ነው። ደምሰው ግድግዳውን ተደግፎ እግሩን ያያል። ወደ እሱ ስራመድ መምህር ይርዳው ክንዴን ያዘኝ።

«ተይው። ተራው የእሱ ነው።»

«ደብዳቤው እየተጻፈ ነው እኮ፣ ይርዳው።»

«አውቃለሁ።»

ድምፁ የተረጋጋ ነበር። እጁን ሳየው ግን የያዘው ጠመኔ በመዳፉ ውስጥ ዱቄት ሆኗል።

ርእሰ መምህሩ ማኅተሙን ሲያወጡ በመስኮቱ ይታየናል። ደምሰው ከግድግዳው ተላቀቀ። ማንንም ሳያይ በመካከላችን አልፎ የቢሮውን በር አንኳኳ፤ ግባ ሳይባል ገባ። በሩን ክፍት ስለተወው ሁላችንም ሰማነው።

«ተራዬ ነው» አለ።

«የምን ተራ?» አሉ አቶ በድሉ።

«ዘሀራ እኔን ሆና ስትናገር ነው የሰሟት። አሁን እኔ ልመልስ።» ጣቶቹን ያጥፍ ጀመር። «ቁም ሣጥኑ ተከፍቶ ነበር ያለችው የእኔ አይደለም፤ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አግኝቼ የከፈትኩት እኔ ነኝ። አወጣሁት ያለችው የእኔ ነው። ለሽንኩርቱ ልጣጭ ነው፤ እሱም የእኔ ነው። መውደቁም የእኔ ነው። ዝም ማለቱም የእኔ ነው። አባቴን ፈራሁ ያለችው ግን የእኔ አይደለም።» ወደ በሩ ዞር ብሎ አየኝ። «የፈራሁት ቲቸር ሁለተኛ አታሳየኝም ብዬ ነው።»



«ማነው ግባና ተናገር ያለህ?» አሉ አቶ በድሉ።

«ማንም።»

«ታዲያ ምን አስቸኮለህ? የእሷ ስም ተጽፎ አልቋል። አንተን ማንም አልጠራህም።»

«እሷ ስለ እኔ ስትናገር ሌባ አላደረገችኝም» አለ። «ያን ሰምቼ ዝም ብል ግን ሌባ ነኝ።»

ዘሀራ ከበረንዳው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ትቼ መሄዴ የእኔ ነው» አለች። ከልጆቹ አንዱ ሳቅ አመለጠው፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

አቶ በድሉ ደብዳቤውን ከርእሰ መምህሩ እጅ ተቀብለው ለሁለት ቀደዱት። ወዲያው ግን አልወጡም። ሄልሜታቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው መምህር ይርዳውን አስጠሩት።

«ይህ ነገር በየትኛው መጽሐፍ፣ በየትኛው ምዕራፍ ነው ያለው?»

«ገና አልተጻፈም» አላቸው።

ዘሀራ ፈተናዋን ተፈተነች፤ አለፈች። ዛሬ በሌላ ከተማ አዋላጅ ነርስ ናት። ደምሰው የተጣመመውን አንገት ከአባቱ የብየዳ ቤት ወስዶ አቀናው፤ መስታወቱ ግን እንደተሰነጠቀ ቀረ። የሽንኩርቱን ልጣጭ በዚያው ስንጥቅ እያሳየሁ ሌሎች አራት ዓመታት አስተማርኩ፤ ከሁሉ በፊት ያሳየሁት ግን ለእሱ ነው። ባለቤቴ በዚያ ቀን ምን እንደተሰማው አልነገረኝም። ወደ ቤት ስንመለስ ግን፣ ሁልጊዜ የመንገዱን ዳር ይዞ የሚሄደው ሰው፣ ያን ቀን በመሃል መንገድ ሄደ። እኔም አብሬው።

አባባሏን ከወረዳ ወረዳ ያዳረሷት ደግሞ ሌላ ሰው ሳይሆኑ ራሳቸው አቶ በድሉ ናቸው። በየስብሰባው «እኔ ላይ የተነገረች ናት» እያሉ ያወጓት ነበር፤ ይህን ለክብራቸው እጽፈዋለሁ። የተነገረችው ያንኑ ዕለት ሊሄዱ ሲሉ በግቢው በር ላይ ነው። መምህር ይርዳውና እኔ ልንሸኛቸው ወጥተናል። ጋሽ ሙሄ የብረቱን በር ሊከፍቱ እጃቸውን መቀርቀሪያው ላይ አሳርፈዋል።

«ጋሽ ሙሄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ልጆች አስተማሩኝ» አሉ አቶ በድሉ ሞተሩን እያስነሱ። «ጆሮዬ እኮ አልዋሸኝም፤ የሰማሁት ልክ ነበር። ታዲያ እንዴት ተሳሳትኩ?»

ጋሽ ሙሄ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱላቸውና፣ «ምን ይደረግ ጌታው፣ ከደጅ የሰማ ቤቱን አማ» አሏቸው።