መቶ ጉድጓድ ሊኖረው የነበረው ገበጣ

አንድ ጊዜ፣ አውሬው ሁሉ በገበጣ ባበደበት ዘመን፣ ከአንዲት ሾላ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የተፈለፈለ የጫካው ገበጣ ነበር። ጉድጓዶቹን የፈለፈለችው ኤሊ ናት፤ ያውም በወጣትነቷ፣ ተራሮቹ ገና ጉብታ ሳሉ። ጠጠር ማደሉ ከመጣፈጡ የተነሣ ሚዳቋ ነብሩን «ተራህ ነው፣ አታንቀላፋ!» ብላ ትቆጣው ነበር። ነብሩም ይቅርታ ይጠይቃታል። ንጉሡ አንበሳ ሕግ አውጥቶ ነበራ፦ «ገበጣ ላይ የተቀመጠ አይበላም። ቆሞ የሚያይ ግን ራሱን ይቻል!»

ይህች ሕግ ቡሌ ለሚባለው አህያ መከራ ሆነችበት። ቡሌ ገበጣ ሲወድ ለጉድ ነው፤ ተኝቶ እንኳ በጆሮው ጠጠር ያድላል። ግን የኤሊ ጉድጓዶች ጠባብ ናቸው፤ ሸኮናው አይገባ፣ ከንፈሩ አይገባ። ስለዚህ ዳር ቆሞ ያያል። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል አያ ጅቦ ከማዶ ሆኖ ዳሌውን ዳሌውን ሲያይበት፣ ጨዋታው ሳያልቅ ወደ ቤቱ ይፈረጥጣል። ማን እንዳሸነፈ አንድም ቀን በዓይኑ አይቶ አያውቅም።

በመጨረሻ ቆረጠ። ከወንዙ ዳር ለስላሳ ድንጋይ ፈልጎ በሸኮናው ይፈለፍል ጀመር። ሰፋፊ ጉድጓድ፣ የአህያ አፍ እንደ ልብ የሚያስገባ፤ ሁለቱን ወዲህ፣ ሁለቱን ወዲያ። አራቱን ጨርሶ አቧራውን እፍ ሲል ቀበሮ ከተፍ አለ።

«ቡልዬ፣ ምን ጉድ ነው የያዝከው?»

«ለእኔ ቢጤ የሚሆን ገበጣ ነው፣ አያ ቀበሮ። ጥቂት ጉድጓድ ብጨምርበት ያልቃል።»

«ጥቂት? ወይ አለማወቅ! እንዲህ ያለ ሥራ በጥቂት ይቀራል? መቶ ጉድጓድ ይሁን! ኤሊ ራሷ አይታ ቅርፊቷ ውስጥ ትደበቅ! አንተ ፈልፍል፣ እኔ አስተባብራለሁ።»

ቡሌ በዕድሜው ተመስግኖ አያውቅምና ጆሮዎቹ በደስታ ተጠላለፉ። «መቶ?» አለ። «መቶ!» አለ ቀበሮ፣ ወዲያውም ወንዝ ለወንዝ እየዞረ አወጀ። ወሬው ከመሮጡ ብዛት ከሰባት ተራራ ማዶ ያሉ ዝሆኖች ለጨዋታው ስንቅ ቋጥረው ተነሡ።

በማግስቱ ወንዙ ዳር መርገጫ ጠፋ። ግማሹ «ግሩም ነው፣ በርቱ!» ብሎ ሄደ። ግማሹ «መቼ ነው የሚያልቀው?» ብሎ ተቀመጠ። ለመፈልፈል የቀሩት እመት ጦጢትና አያ ጅቦ ብቻ ናቸው።

እመት ጦጢት አንዱን ጉድጓድ እስከ ወገቡ ቆፈረችና ተወችው። «ክብ ምን ያደርጋል? ሁሉም እንደ ጨረቃ ጎበጥ ይበል» አለች። ጎበጥ ያለውንም ጀምራ ተወችው። ከዚያ ሽቅብ አሸተተችና፣ «ሾላው በስሏል መሰለኝ፤ አሁን መጣሁ» ብላ ዛፍ ላይ ወጣች። እስካሁን እየመጣች ነው።

አያ ጅቦ ደግሞ፣ «ጥልቅ ይሁን፣ ጥልቅ!» ይላል። «በጠጠር ፋንታ አጥንት እናድላለን!»

«አጥንቱን ከበላኸው በምን እንጫወታለን?» አለው ቡሌ።

«ሌላ አጥንት ትጨምራላችኋ!»

ቡሌ ደከመውና ቀበሮን ለመነው። «አያ ቀበሮ፣ እስቲ ለጊዜው በአራቱ እንጫወት?»

«አታፍርም? መቶ ብለን አውጀን አራት? በል ፈልፍል!»

«አንተስ?»

«አስተባባሪ ሲፈለፍል የት አይተሃል?»

እንዲህ ሲባባሉ ጅብ እስከ ትከሻው የገባበት ጉድጓድ ድንጋዩን ቋ! አድርጎ ለሁለት ሰነጠቀው። ትልቁ ቁራጭ ተንከባሎ ወንዝ ገባ። «በሉ እንግዲህ፣» አለ ቀበሮ ጭራውን እየሰበሰበ፣ «የጠየቃችሁ ሁሉ ‹አንበሳው ከለከለን› በሉት!» ብሎ እብስ አለ። የተሰበሰበውም «አይ አንበሳ፣ ጨዋታ ጠል!» እያለ ተበተነ። ጀምበርም አዘቀዘቀች።

ከቡሌ ጋር የቀሩት ያችው አራት ጉድጓድ ያለባት ቁራጭና አያ ጅቦ ናቸው።

«ቡሌ።»

«አቤት፣ አያ ጅቦ።»

«ገበጣው ፈርሷል አይደል?»

«ፈርሷል።»

«ታዲያ አንተ ተጫዋች አይደለህማ» አለና ምራቁን ዋጠ።

የቡሌ ዓይን ግን ቁራጯ ላይ አረፈ። ተሽቀዳድሞ ጠጠር በከንፈሩ እየለቀመ አራቱን ጉድጓድ ሞላና ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። «እንዳትነካኝ! ገበጣ ላይ ነኝ!»

ጅብ ራሱን አከከ። «ከማን ጋር?»

«ከእኔ ጋር» አለ ከቁጥቋጦው ውስጥ ወፍራም ድምፅ። አንበሳው ነበር። መጥቶ ፊት ለፊት ተቀመጠና መዳፉን ጉድጓዱ ውስጥ አገላበጠ። «ተመስገን፣ ገባልኝ! በዚያች በኤሊ ጉድጓድ ጥፍሬ እንጂ መዳፌ አይገባም። ጠጠሬን የሚያነሣልኝ ቀበሮ ነው፤ የሚያሸንፈኝም እሱ ነው።»

«ጌታዬ፣ እርስዎ ከልክለዋል ተብሎ እኮ ነው የተበተነው።»

«እኔ? ማን ጠየቀኝ? ሰፊ ገበጣ ሊሠራ ነው ሲባል ስጠብቅ ጎፈሬዬ ሸበተ! በል አድል።»

ቡሌ አደለ። ከደስታው ብዛት አንድ ጠጠር ዋጠ፣ አንበሳውም እንዳላየ ሆነ። አያ ጅቦ አፉን ከፍቶ ዳር ቆሞ ሲያይ፣ አንበሳው ቀና ብሎ ዳሌውን ዳሌውን አየውና፣ «ቆሞ የሚያይ ምን ይሁን ነበር ያልኩት?» ቢለው፣ አያ ጅቦ ጥላውን ጥሎ ፈረጠጠ።

ያን ዕለት ቡሌ ማን እንዳሸነፈ በዓይኑ አየ፦ ቡሌ።

ከዚህ የምንማረው የወደድነውን ጨዋታ ልናሻሽል ስንነሣ፣ መቶ ጉድጓድ አውጆ ከመበተን አራቱን ጨርሶ ጠጠር ማደል እንደሚሻል ነው።