የአሻራው ቀለም

ከገደሉ ሥር ባለችው መንደር በነገር የማይቀደም አንድ ንብ አርቢ ነበር። በአቅራቢያው ያለው የሲሚንቶ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ የመንደሯ ምንጭ የሚፈልቅበትን ኮረብታም ቆፍሮ የኖራ ድንጋዩን ሊያወጣ ቋመጠና፣ ጥቁር ካፖርቱን ደርቦ መጥቶ ሕዝቡን ዋርካው ሥር ሰበሰበ። ለቁፋሮው ፈቃድ እንዲያገኝ የሚያስፈርመው ወረቀት «የፋብሪካው አቧራ መንደራችን ደርሶ አያውቅም» ይላል። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሞ ስለ ልማት ከደሰኮረ በኋላ «የማይፈርም ፀረ ልማት ነው፤ ስሙ ይመዘገባል» አለና ወረቀቱን መጀመሪያ ለንብ አርቢው ዘረጋለት።

ሰውየው ምንጩ ከደረቀ ቀፎው ባዶ እንደሚቀር ያውቃል። ቢሆንም እሺ አለ።

«እኔ ግን ፊደል አልቆጠርኩም ጌታዬ፤ የምፈርመው በአውራ ጣቴ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ቦርሳውን ቢያገላብጥ የአሻራውን ቀለም ረስቶታል። ተበሳጭቶ ወረቀቱን ሊያጥፍ ሲል ንብ አርቢው «ለዚህማ አይመላለሱ» አለው። አውራ ጣቱን በምራቁ አራሰና የሥራ አስኪያጁን ትከሻ ጠረግ አድርጎ ወረቀቱ ላይ ተጫነው። አመድማ አሻራ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

«ይኸው ፈርሜያለሁ። እርስዎ ቀለሙን ቢረሱትም ፋብሪካዎ አልረሳም፤ ንግግርዎን ሳይጨርሱ ትከሻዎ ላይ አድርሶልናል።»